ማንጎው ሥር ያስቀመጠችኝ አክስቴ
በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተን አሶሳ ሰፈራ የደረስነው እኔና አክስቴ ብቻ ነን። እናቴ መንገድ ላይ ቀረች፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አክስቴ ከራሷ አፍ እየቀነሰች አበላችኝና ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ወፍራም ሆንኩ።

የስፖርት መምህራችን በየጠዋቱ ከትምህርት በፊት በሜዳው ዙሪያ ያስሮጡን ነበር። ልጆቹ «ኩንታሏ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ይስቁብኛል። መሮጤን ግን አልተውኩም። አልቦኝ ክፍል ስገባ ሌላ ጊዜ የሚያንገላጅጀኝ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ሒሳብ ቁልጭ ብሎ ይገባኛል። መምህሩም «ሩጫው ጭንቅላትሽን ከፈተው፤ አንቺስ አስተማሪ ትሆኛለሽ» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ቀሚሴ እየሰፋኝ ሲሄድ አክስቴ ትምህርት ቤት መጣች። «መምህር፣ ልጅቷ ልቧን ያማታል፤ አያስሩጧት» አለቻቸው። ውሸቷን ነበር። ቤት ስንገባ «የሟች እህቷን ልጅ አስራበች ሊባልብኝ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ሲሮጡ እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ደብተራቸውን እጠብቅ ጀመር። እንቅልፉ ተመለሰ። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ ዳረችኝ። በሠርጌ ቀን ጉንጬን እየቆነጠጠች «እዩልኝ፣ ምን አጉድዬባታለሁ?» ትል ነበር።

ዛሬ ስኳር ይዟት ሐኪሙ በየቀኑ እንድትራመድ አዟታል። «ልጄ፣ ነይ ደግፊኝ» ትለኛለች፤ እደግፋታለሁ። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ስናልፍ «እዚህ ማንጎው ጥላ ሥር አረፍ እንበል» ስትል ግን፣ ያልሰማሁ መስዬ ክንዷን ይዤ እቀጥላለሁ።