ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ

የጋዜጣው ቤት ሰዎች የመጻሕፍት ዓምዱን ጸሐፊ «ሁለቴ» ይሉታል። አንድን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሳያነብ ለአንባቢ አይጠቁምማ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ በስድስተኛው ገጽ ግርጌ ለእረፍት ቀን የሚሆኑ አራት መጻሕፍት ይደረድራል፤ አንድ የእምነት፣ አንድ ልቦለድ፣ አንድ ግጥም፣ አንድ ስለ ባህል። በአማላጅ ገብቶ የሚሰለፍ መጽሐፍ የለም። አንድ ጊዜ ዋና አዘጋጁ ራሱ የአማቹን ልቦለድ ይዞ ቢመጣ «አንዴ አንብቤዋለሁ፤ ለሁለተኛው ግን እግዜር አላበረታኝም» ብሎ መለሰለት። ቢሮው በሳቅ አውካካ።

ይህ ሰው ልብስ ሰፊ የሆነች ታናሽ እህት አለችው። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንዲት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ አሳትማ የመጀመሪያዋን ቅጂ ይዛለት መጣች።

«ጋሼ፣ ካልወደድካት ተዋት። ብቻ አንብባት» አለችው።

«እሺ፣ እናያለን» አላት።

እናያለን ብሎ ነገር! ስንቱን ጉዳይ የበላች ቃል ናት። መጽሐፏን ጭራሽ አልከፈታትም። ቢከፍታት እንዳይወዳት ፈራ፤ ከወደዳት መጻፉ አይቀርም፤ ከጻፈ ደግሞ «ለእህቱ አደላ» ሊሉት ነው። የእሱ ስም ከሚጎድፍ የእሷ አለመነሳቱን መረጠ። እንዲህ አፍ አውጥቶ ለራሱ አልነገረውም እንጂ ነገሩ ይኸው ነበር። ቢሮው ውስጥ ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ ሸጎጣት። እህቱም ዳግመኛ አላነሳችበት፤ ዝምታዋን እንደ ይቅርታ ቆጠረው።

ዘንድሮ ጡረታው ደረሰ። መደርደሪያውን ሲያራግፍ ቀጭኗ መጽሐፍ እግሩ ሥር ወደቀች። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። «እስቲ ምን ትላለች» ብሎ ቆሞ ጀመራት። ሲጨርሳት ወንበር ላይ ነበር፤ መቼ እንደተቀመጠ እንኳ አያውቅም። እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ያን ሁሉ ዓመት ላገር ምድሩ ግጥም ሲመርጥ፣ ከመረጣቸው የምትበልጠው እዚያው ክርኑ አጠገብ አቧራ ትጠጣ ነበር። አፈረ፤ ያውም እንዴት ያለ ማፈር! በመጨረሻው ቅዳሜ አራት መጻሕፍት አልደረደረም። ስለዚህች ብቻ ጻፈ፤ ደራሲዋ እህቱ መሆኗንም አልደበቀ።

ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ወደ ስፌት ቤቷ ሄደ። ከአንድ ቀሚስ እጅጌ ጋር ትታገላለች።

«ውይ ጋሼ! ምነው በደህና?»

ጋዜጣውን ዘረጋላት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችውና አጥፋ መቀሱ አጠገብ አኖረችው፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እየገዛሁ ያችን ገጽ አይ ነበር። ኋላ ተውኩት።»

«አልከፈትኳትም ነበር እኮ» አላት። «አሥራ ስድስት ዓመት አልከፈትኳትም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ይኸንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቆመች።

«እኔ ደግሞ አንብበህ ያፈርክብኝ መስሎኝ» አለች። «መጻፉንም የተውኩት ለዚያ ነው።»

ይቅርታ እንዳይል ቃሉ አነሰበት። ከመጽሐፏ በቃሉ የያዛትን ስንኝ አሰማት፤

ጸሎቴን ጨርሼ አሜን እያልኩ ቆየሁ፤
የሚሰማኝ ባጣ እኔው ራሴን ሰማሁ።

እህቱ እጅጌውን እንደያዘች አዳመጠችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «የማን ነው?»