የአየር ጠመንጃውና የአባቴ ኮት

ጦጣ ሴትን አይፈራም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ማጋነን መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን በዓይኔ አየሁት። አባቴ በሕይወት ሳለ ከመርሳ ወጣ ብሎ በመስኖው ቦይ ዳር ወዳለው ማሳችን ብቅ ሲል ጦጣዎቹ ገና ከሩቅ ያዩትና ከማንጎው ዛፍ እየዘለሉ ወደ ገደሉ ይሸሹ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ዱላ ይዛ ብትጮህም፣ ድንጋይ ብትወረውርም፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ፈቀቅ ይላሉ እንጂ አይወርዱም። አንዱ ትልቅ ጦጣ ዓይን ዓይኗን እያየ ያልበሰለ ማንጎ ነክሶ ይጥላል፤ ሌላ ይቀጥፍና ያንንም ነክሶ ይጥላል።

«የጎረቤታችንን ጃኬት ለብሼ ሞከርሁ» አለችኝ አንድ ቅዳሜ ከወልድያ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ። «እንደ ሙሽራ ቁጭ ብለው አዩኝ። እነሱ የሚያውቁት ያንን ካኪ ኮት ነው። ለሰደቃ ባናወጣው ኖሮ እኔው ለብሼ ብቅ እል ነበር። ምን ላድርግ፤ አንዴ ወጥቷል።»

ኮቱ አልወጣም ነበር። የአባቴ ልብሶች ለችግረኞች በተሰጡ ዕለት እያጣጠፍሁ በጆንያ የከተትሁት እኔ ነበርሁ፤ ኮቱን ለይቼ በቦርሳዬ ሸሸግሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወልድያ በተከራየሁት ክፍል ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይኖራል። ለብሼው አላውቅም። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት በአቧራ መካከል ውዬ ስመለስ በሩን እዘጋና ፊቴን ወደ አንገትጌው አስጠጋለሁ። የማንጎ ሙጫ፣ የላብና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ሽታው በየወሩ እየሳሳ መሄዱን ስለማውቅ አንድ ትንፋሽ ብቻ ስቤ እመለሳለሁ፤ እየቆጠብሁት ነበር።

እናቴ የምትመኘው ነገር በእጄ እያለ ሌላ ነገር ቃል ገባሁላት።

«ጠመንጃ እገዛልሻለሁ፤ የአየር ጠመንጃ። ባሩድ የለውም።»

«ባሩድ ከሌለው በምን ይተኩሳል? በምኞት?»

«በታመቀ አየር።»

«እስቲ ይሁን» አለች፤ አላመነችኝም።

ወልድያ ተመልሼ ስለዚህ መሣሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ሁለት ዓይነት መሆኑን ተረዳሁ። አንደኛው በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተኩስ በኃይል ተስቦ መወጠር አለበት፤ የእናቴ ክንድ ይህን አይችልም። ሁለተኛው አየር አስቀድሞ የሚሞላበት ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ የተጠራቀመው አየር ለብዙ ተኩስ ይበቃል፣ ሲተኩሱትም አይነቀንቅም። እርሱን መረጥሁ። በማስታወሻ ደብተሬ ዋጋቸው ከአቅሜ የማይርቅ አራት ጠመንጃዎችን ጻፍሁ፤ የጥይታቸውን መጠን፣ ክብደታቸውን፣ የአየሩን ግፊት እኩል አድርጎ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ያላቸውንና የሌላቸውን ለየሁ። ርካሽ የሚባለው ርካሽ የሆነው መሙያው ፓምፕ ሳይታሰብ እንደሆነም ደረስሁበት። ፓምፑ ብቻውን የጠመንጃውን ያህል ያወጣል።

ስለዚህ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ወደሚጠግኑ፣ አባቴን በቅርብ ወደሚያውቁ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድሁ።

«የእርስዎ ኮምፕሬሰር ይሞላው ይሆን?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ምን ያህል ነው የሚይዝ?»

«ከጭነት መኪና ጎማ ሃያ አምስት እጥፍ ያህል።»

የያዙትን የጎማ መፍቻ ብረት አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔን ካባትህ ጋር ልታገናኘኝ ነው?»

ጎማው እስኪጠገን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሾፌር ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«ለጦጣ። ጦጣ ሴት አይፈራም» አልሁት።

«የኔን አማት ስላላየ ነው!»

ሽማግሌው አልሳቁም። «ደሞ በዚህ ክፉ ጊዜ እናትህ ከሩቅ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዛ ማሳ ለማሳ ትታይ? ተው፣ ተው። ያባትህ ዓይነት ግርማ ያለው ሰው ፈልግላት።»

ወደ ማሳው ወርጄ የሰማሁትንና ያነበብሁትን ለእናቴ ነገርኋት። በአቅሜ የማገኘው ጠመንጃ ለአይጥና ለርግብ እንደተሠራ፣ ጦጣን ግን አቁስሎ እንደሚሰድ አልደበቅኋትም።

«ቁስለኛ ጦጣ ከዛፌ ሥር ሲያቃስት ልስማ?» አለች። «እጁ እኮ የሰው እጅ ነው የሚመስል። እኔ እንዲሸሹ ብቻ ነው የፈለግሁ።»

ነገሩ በዚህ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን ወልድያ ተመልሼ በደብተሬ ላይ አምስተኛ ጠመንጃ ጨመርሁ። አነስተኛ ኃይል ያለው፣ ቀለል ያለ፣ ለማስደንገጥ ብቻ የሚሆን ይገኝ እንደሆነ እያልሁ ሳምንታት አሳለፍሁ። ከሥራ ስገባ በመጀመሪያ ኮቱን አያለሁ፤ ከዚያ ጀርባዬን እሰጠውና ስለ ጠመንጃ አነባለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ እናቴ ደወለች። «ማሳውን ላከራየው ነው» አለችኝ። «አንድ ሰው መጥቶ አይቶታል። ማንጎውን ቆርጦ ሽንኩርት ያደርገዋል። የፊታችን ቅዳሜ እንጨርሳለን ብዬዋለሁ።»

«ትንሽ ጠብቂ፤ ጠመንጃውን...»

«የምን ጠመንጃ! አንተ ስትመርጥ እነሱ ጨረሱት እኮ።»

ማንጎዎቹን የተከለው አባቴ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት። ቦዩ ገና አልደረሰንም ነበርና በጀሪካን ውኃ እያመላለሰ ያጠጣቸው ነበር። አንዱ ሊደርቅ ሲል ከፀሐይ የጋረደው ያንኑ ኮት በሁለት እንጨት ላይ ወጥሮ ነው። እርሱ ራሱ በሸሚዝ ሆኖ ሲቆፍር ትዝ ይለኛል።

ዓርብ ማታ ኮቱን አወረድሁት። ፊቴን ቀበርሁበትና ሽታውን ሳልቆጥብ ሳብሁት። በማግስቱ በሚኒባሱ ውስጥ በፌስታል አድርጌ በጉልበቴ ላይ ያዝሁት። ሲሪንቃ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ከላይ አስቀምጠው፤ ይመችህ» ቢሉኝም አመስግኜ እዚያው ያዝሁት።

እናቴን ከማሳው በር አገኘኋት። ፌስታሉን ሰጠኋት። ከፍታ አየችና እጇ ቆመ።

«ከየት አገኘኸው?»

«አልወጣም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

«ያ አላህ! ዱዓ አስደርጌበታለሁ እኮ! ሸኾቹ ፊት፣ ኮቱንም ጨምሮ ብዬ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌባ!»

«ይቅር በዪኝ።»

አንገትጌውን ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ እኔ በየቀኑ እንደማደርገው ዓይኖቿን ጨፍና። ቆየች። ቀና ስትል የቁጣው ፊት አልነበረም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን?» አለችኝ።

ኮቱን በቀሚሷ ላይ ደረበችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ፤ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። ሻሿን አውልቃ ሰጠችኝና ፀጉሯን ከኮቱ ኪስ ባወጣችው የአባቴ ቆብ ሸፍና ገባች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። ከላይ አንዲት ጦጣ አየቻትና ባለችበት ደረቀች። ከዚያ ጦጣዋ ጮኸች፤ ቅርንጫፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተናወጡ። ጦጣዎቹ እየተደራረቡ ወረዱ፣ ቦዩን ዘለው ወደ ገደሉ ሮጡ።

እናቴ መራመዷን አላቆመችም። በዛፎቹ መካከል ከኋላ የሚታየኝ ያ ካኪ ጀርባ ብቻ ነበር፤ ቀኝ ትከሻው ላይ የነጣ፣ ከወገቡ የተጨማደደ።

«አባ!» አልሁ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«ወይ» አለች እናቴ፣ ዘወር ሳትል። እጇን በዛፉ ግንድ ላይ አደረገች። ከዚያ «ለዚያ ባለ ሽንኩርት ደውልልኝ፤ ማንጎው አይቆረጥም በለው» አለችና ወደሚቀጥለው ዛፍ አለፈች።