የክሪኬቱ ወሬና ጎረቤቴ

እግሬ ቤት አይቀመጥም። አዲሱ የዴንቨር አየር ማረፊያ በተከፈተ ሰሞን ኦሮራ ከተማ ልጄ ዘንድ ስመጣም ያው ነበርኩ፤ እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ቻምበርስ ሮድ የሚሉትን ጎዳና ይዤ እወርዳለሁ። ከአፓርታማችን በስተኋላ ሰፊ ሜዳ ነበር። እሑድ እሑድ የፓኪስታንና የህንድ ታክሲ ነጂዎች እዚያ ክሪኬት ይጫወታሉ። ከእኛ ታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የአዲስ አበባ ልጅም አየር ማረፊያው ከነሱ ጋር ታክሲ ሲጠብቅ እየዋለ፣ ጨዋታውን ተምሮ ገብቶበታል።

በዚያ ሰመር እግሩ ተሰበረና ጀሶ ታስሮለት ሶፋ ላይ ዋለ። «እማማ፣ እርስዎ መቼም መዞርዎ አይቀርም፤ ጨዋታውን አይተው ይንገሩኝ» አለኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠች ሴት እንዲህ ያለ ሹመት! አንዱ ኳስ እንደሚወረውር፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች እንደሚጠብቅ፣ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው እንደሚወጣ አስረዳኝ።

ችግሩ ምን ነበር፣ ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ፣ እንደኔው ልጇ ዘንድ የመጣች፣ ከቸርች መልስ እሷም ሜዳው ዳር መቆም ጀመረች። ማን ጠራት?

የመጀመሪያው እሑድ የልጁ ወገኖች ተሸነፉ። እንግዲህ ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ በኛ ወግ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚረዳው። ገብቼ ተቀመጥኩና የሣሩን ርጥበት፣ ወርዋሪው ኳሷን ሱሪው ላይ እንዴት እንደሚያሻት አወራሁት።

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም። ማን አሸነፈ?»

«እንግዲያው መጀመሪያ እህል ቅመስ፣ ልጄ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እማማ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

ይኼኔ ጎረቤቴ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ተሸንፋችኋል!» አለች። «መጨረሻ የገባው ረጅሙ ልጅ ኳሷን ሽቅብ አጎናት፤ ቀለቧት፤ አለቀ።»

«መሸነፍ ብቻ ከሆነ አልሐምዱሊላህ!» ሳቁ መጣ። «ወሬ እንዲህ ነው! እማማ ግን ልቤን ሊያቆሙት ነበር።»

«አንቺ እኮ» አለችኝ እሷ፣ «ዳር ዳሩን ስትዞሪ ልጁን በድንጋጤ ትገድይዋለሽ።»

ሳቅኩ። የሳቅኩት ከጥርሴ ነው፤ ውስጤ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ነደደ።

ሳምንቱን ሁሉ ያቺን «ተሸንፋችኋል» እያላመጥኳት ሰነበትኩ። እውነት ለመናገር ያማረች ነበረች። ሰው የጠየቀህን አስቀድመህ ስጠው፣ ሌላው ይደርሳል። ባታምርማ ምን ያስቀናኛል?

በሚቀጥለው እሑድ አልዞርኩም፤ አንድ ቦታ ተተክዬ ዋልኩ። ጎረቤቴ ዱላ የያዘውን ብቻ ታያለች፤ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያይ። እኔ ግን የማየው ለልጁ ስለነበር ዓይኔ እሱ ይቆምበት ከነበረው ጥግ አልነቀል አለ። ጨዋታው እንዳለቀ፣ እሷ ጉልበቷን ስታሻሽ ቀደምኳት።

«ተሸንፋችኋል!» አልኩት ገና ከበሩ።

«አሁንም? እንዴት?»

«አንተ ቦታ ያቆሙት ሰው ነው። ኳሷ ወደሱ ስትሮጥ፣ ጎንበስ የሚለው ካለፈችው በኋላ ነው። መቺዎቹም ነቁበትና ወደዚያው ወደዚያው መምታት ያዙ።»

ከሶፋው ቀና አለ። «በቃ፣ እዚያ ጋ ነው የተበላነው! እማማ፣ ይሄን ሌላ ሰው አያይም።»

ደስታዬን አጣጥሜ ሳልጨርስ ጎረቤቴ እያነከሰች ገባች። «ነግረውኛል» አላት። እሰይ ልል ስል ፊቱን ወደሷ መለሰ። «እርስዎስ ምን አዩ፣ እማማ?»

እሷንም እማማ ነው የሚላት።

ልክ ነበር፤ አንድ ጨዋታ በአንድ ሰው ዓይን ታይቶ አያልቅም። ቢሆንም እግሩ ድኖ ሜዳ ከተመለሰ በኋላ እንኳ፣ ጥሩ ኳስ ሲይዝ «አይተዋል፣ እማማ?» ብሎ ወደ ዳር ይጮህ ነበር። እኔም እሷ አፏን ሳትከፍት፣ «አይቻለሁ!» እላለሁ፤ አንዳንዴም ሳላይ።