የሙሽራዋ በር

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ የጓደኛዬ አንደኛ ሚዜ ሆኜ ሙሽራዋን ልናመጣ ሄድን። ያለችው በቅርስነት በተመዘገበ፣ ለሰርግ በሚከራይ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። የፊቱን በር ገፋ ባደርገው አልከፈት አለ፤ ሰው ከውስጥ የያዘው መሰለኝ። የሙሽራዋ እህቶች ሙሽራ አናስገባም የሚሉበትን ወግ ስላልረሱት ደስ አለኝ።

«ፕሊስ ስቶፕ!» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ።

«እዚህ ያደጉ ልጆች፣ በእንግሊዝኛ አደረጉት!» ብዬ ሚዜዎቹን ይዤ በትከሻዬ ገፋሁ። የላይኛው ማጠፊያ ተነቅሎ በሩ ዘመመ።

ከበሩ ኋላ አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ፈረንጅ፣ የቤቱ ጠባቂ፣ ቆመዋል።

«ሶሪ፣ ይሄ በር አርጅቷል፣ አይከፈትም፤ መግቢያው በጓሮ ነው ልላችሁ ነበር» አሉኝ።

ጭራሽ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው! የምገባበት ጠፋኝ።

ያኔ ከጓሮ ጭብጨባና የልጃገረዶች ድምፅ ተሰማ፤ «አናስገባም!» ይላሉ።