አውራ ጣቴ ያረፈባት መኪና

ባለፈው እሑድ አቤል ለሁለተኛ ልጁ ክርስትና ጠርቶኝ ቂሊንጦ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ሄጄ ነበር። አቤል አብሮ አደጌ ነው። አብሮ አደግ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሠፈር ውስጥ አላደገም ማለት ነው። የሄድኩት እድራችን አንድ ስለሆነና መቅረት ስለሚያስወራ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኔ ግን ቂም ይዤ ቀይ ወጥ ስበላ ሆዴን አሞኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም ሁለቴ አስጨምሬ ነው የበላሁት።

ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲረጋጋ አቤል ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ መኪኖች አወጣ። ትልቅ ሰው ሆኖ መጫወቻ ይሰበስባል። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያቺ አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ አጭር፣ ከኮፈኗ ጀምሮ ሁለት ነጭ መስመር የተሰመረባት የድሮ የአሜሪካ መኪና፣ ሙስታንግ። አንዷን ከሱፐርማርኬት፣ አንዷን ከመንገድ ላይ ሻጭ ነው የገዛት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆማቸውና፣

«አንተ የብረት ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ፣ የትኛዋ ትሻላለች?» አለኝ።

በመዳፌ መዘንኳቸው፣ ገለበጥኳቸው። የአንዷ ሆድ ፕላስቲክ ነው፤ መስመሯም የተለጠፈ እንጂ የተቀባ አይደለም። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት አቤል ሳቀና ከላይኛው መደርደሪያ አንዲት ቀይ መኪና አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«እነሱን ተዋቸው። ዋናዋ ይቺ ናት። እህቴ ከቤሩት የላከችልኝ፣ ትዝ ትልሃለች? ክብደቷን እየው! ዛሬ እንዲህ ያለ ዕቃ ከየት ይመጣል?»

በግራ በሯ ላይ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ዓይኔ ሳይፈልጋት እጄ አገኛት። አውራ ጣቴን አሳረፍኩባት፤ ጣቴ ወፍሮ አልገባ አለ። ትዝ ትልሃለች ይለኛል!

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ ያልፋል፣ የሠፈሩ ሴቶች ልጆች በየተራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ጀምረዋል። አባዬ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ብረት ድስት ያፈስ ነበር። አሮጌ ፒስተንና የተበሳ ድስት በከሰል እሳት ያቀልጥና እርጥብ አሸዋ ላይ ባተመው ቅርጽ ውስጥ ያፈስሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ በሞረድ ያስተካክለዋል። ክረምት ከበጋ ቤታችን የከሰልና የጋለ አሸዋ ሽታ አይለየውም። እኔን ዛሬም ያ ሽታ ያስርበኛል።

ሰው ድስቱን ይወደዋል፤ የድስቱን ባለቤት ግን ብዙም አይጠጋውም። በአገራችን ብረት የሚነካ እጅ ስሙ አያምርም። ፊት ለፊት «ጋሽ ሞላ» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ቀጥቃጭ» ይሉታል። ከቀጥቃጭ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፤ ቡዳ። አባዬ አይቆጣም ነበር። «እኔ የማፈስ እንጂ የምቀጠቅጥ ሰው አይደለሁም። ስድቡን እንኳ አስተካክለው አያውቁትም» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ግን የእሱን ትዕግሥት አልወረስኩም።

የአቤል እናት እትዬ አስካለ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። ትልቋ ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እሷ ናት ለታናሽ ወንድሟ ያቺን ቀይ ሙስታንግ የላከችለት፤ በሮቿ የሚከፈቱ፣ ጎማዋ ጎማ የሆነ። አቤል ሱቁ መስታወት ውስጥ አቁሟት «ማየት እንጂ መንካት የለም» ይለን ነበር። እኔም ከጉደታ ያንኑ መኪና በርካሽ አገኘሁ። ጉደታ ጓደኛዬ ነው፤ ከአቃቂ የጥንት ገበሬዎች ልጅ፣ በደረቱ ሣጥን አንጠልጥሎ ማስቲካና ሶፍት እያዞረ የሚሸጥ። የእኔዋ ሰማያዊ ናት፣ ሆዷ ፕላስቲክ፣ በሯ የማይከፈት።

አንድ የጳጉሜ ከሰዓት ዝናቡ አባራ። ጥቁሩ የአቃቂ ጭቃ ጫማችንን እየጎተተው፣ እኔና አቤል በእጃችን የተጠበሰ በቆሎ ይዘን ሱቁ ደረጃ ላይ ሁለቱን መኪኖች ስናወዳድር ዋልን። ቀለሙን አየን፤ የእሱ ያብረቀርቃል። መስመሩን አየን፤ የእኔው ጫፉ ተልጧል። እትዬ አስካለ ስኳር በሚመዝኑበት ሚዛን ግራና ቀኝ አስቀመጥናቸው፤ የእሱ ከበደች። አቤል ደረቱን ነፋ። ቀጥሎ ጣውላ አጋድመን ቁልቁል ለቀቅናቸው። የእኔ ቀደመች። ደግመን ለቀቅናቸው፣ አሁንም የእኔ። የእሱ ጎማ እየታከከ ነበር። ከበቆሎው ፍሬ ቆርጥሜ «ታምራለች፣ ታምራለች፣ መሄድ ግን አትችልም!» አልኩት።

አቤል ፊቱ ተለዋወጠ። መኪናዋን አንስቶ በገዛ እጁ ከደረጃው ድንጋይ ጋር አላተማት። ግራ በሯ ተስፈንጥሮ ጭቃው ውስጥ ገባ። እናቱ ድምፁን ሰምተው ወጡ።

«ምንድን ነው?»

አቤል ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «እሱ ነው! ታምራለች፣ ታምራለች እያለ ሲያፈጥባት በሯ ወለቀ!»

እትዬ አስካለ እኔን አልጠየቁኝም። «ድሮስ! ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር ዕቃ ዘርግተህ ትቀመጣለህ? በላት! በዓይኑ በላት!» እያሉ ጮኹ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። በእጃቸው ላለመንካት መኪናዋን በፌስታል ጠቅልለው ያዙና ከሐዲዱ ማዶ ወረወሯት። ከዚያ በር ላይ ከተተከለው ጤና አዳም ቀንጥሰው የአቤል አፍንጫ ሥር ያዙለት። አቤል ጤና አዳሙን እያሸተተ፣ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝና ሳቀ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እተወው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ቂሜ ግን ምናልባት ይህን ያህል አይቆይም ነበር። ታላቅ እህቴን ትርንጎን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ልጅ ይወዳት ነበር፤ እሷም ትወደዋለች። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረዋል። ትርንጎ ከዋዜማው ጀምራ ዶሮ ሠራች። አባዬ እጁን በሎሚና በአሸዋ ሲፈትግ አድሮ፣ ያችኑ አንዲት ኮቱን ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን እያየ ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ማንም አልመጣም።

ሊመሽ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቻቸውን መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም።

«ጋሽ ሞላ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት። የልጁ እናት ከአስካለ ጋር ማኅበር ይጠጣሉ። አስካለ እዚያ ‹የሞላ ልጅ የልጄን ዕቃ በዓይኑ ሰበረው› ብላ አወራች። እናትየዋም ከዚያ ቤት የልጅ ልጅ አላይም ብላ ማለች።»

አባዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በምሽት ደከሙ» ብቻ አላቸው። ትርንጎ ከመጋረጃው ኋላ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ ድስቱን ከእሳት አወረደች፤ አባዬ ያፈሰሰው ድስት ነበር። ያን ዶሮ ወጥ እስኪያልቅ ድረስ በላነው፤ እንቁላሉን የሚያነሳ ግን ጠፋ። እህቴ ስታለቅስ አላየኋትም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐዲዱን ተሻግሬ ሣሩን ስበረብር ዋልኩ። መኪናዋ እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ነበረች። በሯ የጎደለበትን ቦታ በሰም ሞላሁትና በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ አለ። ሆነ ብዬ ተውኩት። አሸዋ ላይ ሳትማት አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ምን እንደማደርግ አልጠየቀኝም። ብዙ አየኝና፣

«አሸዋውን አርጥበው፤ አፍንጫዋ ላይ ይፈርስብሃል» አለኝ።

አረጠብኩት። ሆዷ ድፍን፣ ጎማዋም አሉሚኒየም የሆነ፣ በሯ የማይከፈት ከባድ መኪና ወጣች። ሌላ አፈሰስኩ፣ ሌላም። ከጋራዥ ቀይ ቀለም ለምኜ ቀባኋቸው፣ መስኮታቸውን በጥቁር፣ መስመሩን በነጭ። ከዚያ ለጉደታ ሰጠሁት።

«እትዬ አስካለ ሱቅ ውሰድልኝ። ከመርካቶ ነው በላቸው።»

ጉደታ ነገሩ ቶሎ ገባው። እሳቸው እሱንም «አንተ ገበሬ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። «እኔ ሣጥን ተሸካሚ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

እትዬ አስካለ የመጀመሪያዋን ለአቤል ሰጡት፤ «እህትህ ሌላ ላከችልህ» ሲሉት ጉደታ በጆሮው ሰምቷል። የቀሩትን የውጭ ዕቃ ብለው መስታወቱ ውስጥ ደረደሯቸው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እናቱን አስጨነቀ። ኅዳር ገብቶ ሽምብራ እሸት በየመንገዱ በእስር በእስር ይሸጣል፤ እኔ እሸቴን እየፈለፈልኩ ከሱቁ ማዶ ቆሜ እሰማለሁ። እትዬ አስካለ በዚያው ሚዛን ሌላ የውጭ መጫወቻ በአንድ ወገን፣ የእኔን በሌላው ያስቀምጣሉ። የእኔው ወገን ዝቅ ይላል።

«አያችሁ? ይሄ ነው ብረት ማለት! በሯ ስለማይከፈት አትሰበርም። የሠራት እጅ ይባረክ!»

የሠራት እጅ ሽምብራ እየፈለፈለ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልገጠመኝም። ቸኩዬ ላበላሸው አልፈለግሁም። መኪናዋ ያልገባችበት ቤት እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ ሱቁ ጭር ያለበት ሰዓት መርጬ ገባሁና አንዷን አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ በሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?» አሉ፣ እኔን ሳያዩኝ።

አውራ ጣቴን አስገባሁት። ልክክ አለ። ሌላዋን አንስቼ አስገባሁ፤ እሷም ልክክ አለች።

«ሐዲድ ማዶ የወረወሯት ትዝ ትልዎታለች? እነዚህ ሁሉ ከእሷ የተወለዱ ናቸው። ያፈሰስኳቸው እኔ ነኝ፣ የቀጥቃጩ ልጅ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸው ወደ ጤና አዳሙ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ዓይኔ የሚበላ ከሆነ፣ በየቤቱ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። የማይበላ ከሆነ፣ ውሸቱን ያወሩት እርስዎ ነዎት። ለማኅበርተኞችዎ የትኛውን ልንገርልዎ?»

«ልጄ... የኔ ልጅ...» አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ምን ላድርግልህ? ምን ትፈልጋለህ?»

«ለእኔ ምንም። የልጁ እናት ዘንድ ይሂዱና፣ ባበላሹበት አፍዎ ይመልሱት።»

በዚያው ዕለት ሄዱ። ነጠላቸውን ተከናንበው አቧራማውን መንገድ አቀርቅረው ሲያልፉ በራችን ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋቸው። አላዘንኩም። ዛሬም አላዝንም።

ለሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሦስቱም፣ ነጫጭ ለብሰው። እኔ የሠርጉን ከበሮ መስማት ጀምሬያለሁ። አባዬ አስቀመጣቸው፣ ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ እትዬ አስካለ ሄደው ቃላቸውን እንደመለሱም አልሸሸጉም። ልማዱ «እናስብበት» ተብሎ ሌላ ቀን መቅጠር ነው። ትርንጎ ግን ማንም ሳይጠራት ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

«አባቶቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እሱ በእናቱ ቃል ቀረ፤ ዛሬም በእናቱ ቃል ነው የላካችሁ። እኔ በእትዬ አስካለ አፍ የምቀርና በእትዬ አስካለ አፍ የምመጣ ሰው አይደለሁም። ዶሮም አልሠራሁም።»

አባዬ መሬት መሬት አየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁን ይዞ ነው። ትርንጎ ኋላ ራሷ የመረጠችውን አግብታ ሦስት ወለደች። አባዬ ካረፈ ወዲህ የማፍሰሻውን ቤት ከእኔ ጋር የምትመራው እሷ ናት።

እትዬ አስካለ ምስጢሩን ይዘው ሞቱ። አቤል ደግሞ ይኸው፣ ጎልማሳ ሆኖ፣ በእንግዳ ፊት «እህቴ የላከችልኝ» ይለኛል። እየዋሸ አይደለም፤ አምኖበታል። ያበሳጨኝም እሱ ነው። ከደረጃው ጋር ያላተማትን ረስቷል፣ ጣቱን ወደ እኔ የቀሰረውን ረስቷል፣ ሳቁን ረስቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው። እውነቱን ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የተሰበሰበው እድርተኛ ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ነው፤ ለአንድ ወር ወሬ ይበቃቸዋል።

ከዚያ ቁም ሣጥኑን አየሁት። ከፍ ያለው መደርደሪያ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ፣ ከቤቱ ሁሉ የተከበረው ቦታ የእሷ ነው። ብነግረው ያወርዳታል። ምናልባትም ይጥላታል፤ የእናቱ ልጅ አይደለም እንዴ? ለምን ብዬ?

«ልክ ነህ» አልኩት፣ መኪናዋን እየመለስኩለት። «ዋናዋ ይቺ ናት። ከዚያ ቦታ እንዳታወርዳት።»

«እንዴት አድርጌ!» አለ፣ በእጅጌው እየወለወላት።

ቂም ይዞ መኖር ያስረጃል ይላሉ። እኔ ያረጀሁት እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ቂሜ ግን ከእኔ ይልቅ ወጣት ነው፣ ይመቸው። ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ ወደ አቃቂ ስመለስ ለትርንጎ ደወልኩላት። መኪናዋ አሁንም እንዳለች፣ የት እንደተቀመጠች፣ በማን እጅጌ እንደምትወለወል ነገርኳት።

«እና በዚያ በሚበላ ዓይንህ አየሃት?» አለችኝ።

«አየኋት።»

«ደህና አድርገህ?»

«ደህና አድርጌ።»