ወደ መንገድ የሚከፈተው በር

ጋሽ ፍሬን የሰፈሩ ወኪል የሆኑት እምቢ ለማለት ተነስተው መቆም ስላቃታቸው ነው። ስብሰባው የተጠራው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ትልልቅ ሰዎች የሕፃናት ወንበር ላይ ተጣጥፈው፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀምጠዋል። ከማዘጋጃ ቤት የተላከው ኃላፊ፣ ቀጭንና ትሁት፣ ከረባቱን ደጋግሞ የሚነካካ ጎልማሳ፣ ለሰፈሩ አዲስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ መታሰቡን ተናገረ። ፕላኑ ከመነደፉ በፊት የነዋሪው ሐሳብ ይፈለጋል፤ ከቤት ቤት እየዞረ የሚሰበስብ አንድ ሰው ይመረጥ አለ።

ሁሉም ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ሆኖ፣ "ጋሽ ፍሬን ይሁኑ። ጡረታ ላይ ናቸው፣ ሰውም ያውቃቸዋል" አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ፍሬን ሊነሱ ሲሞክሩ ወንበሩ አብሯቸው ተነሣ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም እንደ ምንም ፈገግ ብለው ተመልሰው ቁጭ አሉ። በዚያው ጸደቀ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፍሬን ሲይዙ፣ ቆማ የምትሄድ አሮጊት እንኳ አትነቃነቅም ነበር ይባላል፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። መሪው ትከሻቸውን፣ ፔዳሉ ጉልበታቸውን ወስዶ፣ የቀረውን ለጡረታ አስረክቧቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሴት ልጃቸውና ከመንታ የልጅ ልጆቻቸው ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ልጃቸው በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። የመንታዎቹ አባት ሥራ ፍለጋ እንደሄደ በዚያው ቀርቷል፤ ስሙም በቤቱ አይነሳም። መንታዎቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ቤቱ ይተነፍሳል። ሲመለሱ ግን አንዱ ሲዘምር ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ሲዘምር አንዱ ያኮርፋል። ጋሽ ፍሬን ያኔ ከዘራቸውን አንስተው ሻይ ቤት ይሄዳሉ። ሻይ ቤቱ ደግሞ፣ አንድ ብርጭቆ ይዞ ብዙ የሚቆይ ሽማግሌ አይወድም።

ስለዚህ ለራሳቸው የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ጥላ ያለው በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ረጅም አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ "ካላዘዛችሁ ተነሱ" የማይባሉበት። ከዚያ ወዲያ ያለው መጽሐፍ ለሚያነበው ይሁን።

ዙሩን የጀመሩት ከልብስ ሰፊው ነው። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና እንኳ አላለም።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቶቹ የልጆች መጫወቻ እንሥራ ብለው ጠይቀውን አልነበር? ምን ሠሩበት?"

"የመኪና ማቆሚያ።"

"ታዲያ አሁን መኪናዬን የት እንደማቆም ልንገርዎት? እሱ ደግሞ የለኝም።"

"ዝም ብለህ አንድ ነገር በለኝ፣ ጉልበቴ ቆሞ አይጠብቅህም" አሉት። ልብስ ሰፊው መርፌውን ነቅሎ ትንሽ አሰበና፣ ብርሃን አለ። ዓይን የማያደክም ብርሃን፣ እጅ የሚዘረጋበት ሰፊ ጠረጴዛ።

ባለሱቁ ገና ሳይጠየቅ መለሰ። "ሽንት ቤት። ውሃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ ሽንት ቤት ይሥሩ፤ መጽሐፉ ቀስ ብሎ ይመጣል።" ተማሪዎቹ ጸጥታ ፈለጉ፤ ዝንብ ሲበር የሚሰማበት ዓይነት። አንዲት ጨቅላ ያቀፈች እናት ደግሞ ተቃራኒውን ለመነች፤ ልጇ መጽሐፍ ገልጦ የውሻ ሥዕል ሲያይ ቢጮህ ማንም የማይገላምጣት ቦታ። ከሰፈሩ መጋዘን አጠገብ የሚኖረው ሰውዬ በሩን በከፊል ከፍቶ፣ የትም ይሥሩት፣ ከኔ ቤት ብቻ ይራቅ ብሎ መልሶ ዘጋው። ዓይናቸው የደከመ ጡረተኛ መምህርት ወንበር አቅርበውላቸው፣ "ለኔ መጽሐፍ ሳይሆን አንባቢ ነው የሚያስፈልገኝ" አሏቸው። "ጠባብ ክፍል ትኑረው። አንዱ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ቢያነብልኝ፣ ዝም በል የሚለው የሌለባት።"

ጋሽ ፍሬን የሰሙትን ሁሉ በጽሑፍ አልያዙም። ድሮ ፌርማታዎቹን እንደሚይዙት ያዙት፤ ልብስ ሰፊው ጋ ብርሃን፣ ባለሱቁ ጋ ውሃ፣ መምህርቷ ጋ ድምፅ። ነገር ግን ሰው የሚሰጣቸው ሐሳብ ብቻ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ ላይ የተቋጠረ ቂም ሁሉ እሳቸው ላይ ይፈታ ጀመር። የውሃ ቧንቧው፣ የመንገዱ ጉድጓድ፣ ያልበራው መብራት። "እኔ አልቆፈርኩት" ይላሉ መጀመሪያ መጀመሪያ። በኋላ ይህንንም ተዉት። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው፣ ጉልበታቸውን አሸት አድርገው ወደሚቀጥለው በር ያዘግማሉ።

አንድ ምሽት ቤት ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። ልጃቸው ቀድማ ደርሳ መንታዎቹን አስተኝታ፣ የነገ ልብሳቸውን ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ቤቷም ካውያ ይጠብቃታል። እጆቿ በበረኪና ተልጠው ቀልተዋል።

"ሰው ልቤን አደረቀው" አሉ ጋሽ ፍሬን። "አንዱ ጸጥታ፣ አንዱ ጫጫታ። ሰፈሩን አዳረስኩት፣ የቀረኝ ቤት የለም።"

ካውያው ሸሚዙ ላይ ሄዶ ተመለሰ።

"አንድ ቤት ቀርቶሃል" አለች ልጃቸው።

"የማን?"

"ይሄ።"

የቀለደች መስሏቸው ቀና ሲሉ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም።

"እኔንስ መቼ ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ አባዬ። እንግዲህ ካልጠየቅከኝ ልንገርህ። ትምህርቴን ልጨርስ ነው የምፈልገው። የመጨረሻውን ፈተና ልቀመጥ።"

ልጃቸው ትምህርት ያቋረጠችው እናቷ የታመመች ጊዜ ነው። አቋርጪ ያላት ሰው አልነበረም፤ የሚያስታምም ጠፋና አንድ ሰኞ ሳትሄድ ቀረች። እናቷ ከሞተች በኋላም ተመለሺ ያላት የለም። ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ መንታዎቹ፣ ከዚያ ማጠቢያ ክፍሉ መጣ።

"የት ታጠኛለሽ?" አሉ በመጨረሻ።

"አሁንማ አንሶላ መጋዘኑ ውስጥ ነው፣ በምሳ ሰዓት። ሙቀቱ እንቅልፍ ያመጣብኛል። እዚህ ደግሞ" አለችና መንታዎቹ ወደተኙበት በአገጯ አመለከተች። "አየህ፣ እኔ ትልቅ አዳራሽ አልፈልግም። ከሥራ ስወጣ ክፍት የሆነ ቤት ነው የምፈልገው። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ከሆነ ለኔ ቢሠራም ባይሠራም ያው ነው።"

ይህን ብላ ካውያውን ነቀለች።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አርክቴክቷ መጣች። ሳቅ የማይርቃት ወጣት ሴት ናት፤ ትልቅ ወረቀት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፋ አዳራሹን፣ የልጆቹን ክፍል፣ መጸዳጃውን፣ ጥላ ያለውን በረንዳ አንድ በአንድ አሳየች። ጋሽ ፍሬን የሰበሰቡትን ሁሉ ቀደም ብለው ነግረዋት ነበርና በረንዳው ሲታይ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ የጋሽ ፍሬንን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ከዚያ ኃላፊው ከረባቱን ነካ አድርጎ መጥፎውን ወሬ አመጣ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ቦታው ከታሰበው ጠቧል። ከተነደፈው መቀነስ ያለበት ነገር አለ።

የተነሣው ጫጫታ ለአፍታም አልበረደ። ተማሪዎቹ የልጆቹ ክፍል ይቅር አሉ። እናቶቹ አዳራሹ ይጠበብ አሉ። ጋሽ ፍሬን እጃቸውን አውጥተው ብዙ ከጠበቁ በኋላ ዕድል ተሰጣቸው።

"ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ ይከፈታል ወይ?"

"ጋሼ፣ ይሄ የሕንፃ ስብሰባ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ክፍል ነው" አለ ኃላፊው በትሕትና።

"የትኛው?"

"እሱ ገና አልተቋቋመም።"

ሰው ሳቀ። ጋሽ ፍሬን ሌላ ሊናገሩ አስበው ነበር፤ ነገሩን በልባቸው ሲያሰናዱ ሰንብተዋል። ግን ሳቁ ሲያበቃ ተራው ወደ ባለሱቁ አልፎ፣ ስለ ሽንት ቤት እየተወራ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ። ቁጭ አሉ።

ለእረፍት ሲወጣ አርክቴክቷ ራሷ፣ ጋሽ ፍሬን ግድግዳውን ተደግፈው ወደቆሙበት መጣች።

"አባባ፣ ማታ ማታ የሚመጣው ማን ነው?"

"ሠራተኛው" ሊሉ ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን "ልጄ" የሚል ነው።

አርክቴክቷ አልሳቀችም። ስለ ማጠቢያ ክፍሉ፣ ስለ አንሶላ መጋዘኑ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ክፍሉ ባዶ እስኪመስላቸው ድረስ ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅላ፣ እርሳሷን አውጥታ ጥጉ ላይ መሞነጫጨር ጀመረች። ትልቁን ሕንፃ ማታ ለመክፈት ብዙ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ማንም አይፈቅደውም። ነገር ግን ከፊት ጥግ ላይ ወደ መንገድ የሚከፈት የራሱ በር፣ የራሱ መብራትና መጸዳጃ ያለው አንድ ክፍል ቢወጣ፣ ሌላው ተቆልፎ እሱ ብቻ በአንድ ሰው ሊጠበቅ ይችላል። ጠዋት ደግሞ ለመምህርቷ ንባብ ይሆናል።

"እንዲህ ከሆነ፣ ካልተቋቋመው ክፍል ጋር የሚያከራክር ነገር አይኖርም" አለች።

ጋሽ ፍሬን ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። "ይሄ ጥግ የነበረው ምንድን ነው?"

"በረንዳው" አለች አርክቴክቷ።

ጋሽ ፍሬን ዓይናቸውን ወደ ግቢው መለሱ። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሲጋራቸውን እየተቀባበሉ ቆመው ይታያሉ።

"ይቅር" አሉ።

ከእረፍት በኋላ ሐሳቡ ቀረበ። ተማሪዎቹም ማታ ቦታ ስለሚያገኙ ወደዱት፣ እናቶቹ የልጆቹ ክፍል ስለተረፈ ወደዱት። ዝም ያሉት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። ሲበተኑ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

"ጋሽ ፍሬን፣ የወከሉት እኛን ነው ወይስ ቤትዎን?"

"እውነቱን ልንገርህ?" አሉ። "አሁን እኔም አላውቅም።"

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚጠጋላቸው ጠፋ። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ጨዋታ ነው የነፈጓቸው። ፀጉራቸውን ለመቆረጥ ሌላ ሰፈር ድረስ መሄድ ጀመሩ፤ አስተካካዩ አልቆርጥም ብሏቸው ሳይሆን፣ ዝም ብሎ ሲቆርጣቸው አንገት አቀርቅሮ መቀመጡ ስለከበዳቸው።

ሕንፃው ብዙ ከተጓተተ በኋላ ተሠራ። ከተሳለው ያነሰ ነው፤ ግድግዳው ሳይከርም መሰንጠቅ ጀምሯል፣ የልጆቹ ክፍል መስኮት አንዱ አይከፈትም። የባለሱቁ ሽንት ቤት ግን ውሃ አለው። መምህርቷ በጠዋት እየተደገፉ ይሄዳሉ፤ ከተማሪዎቹ አንዷ ታነብላቸዋለች። ጋሽ ፍሬን አንድ ቀን ገብተው አዳራሹ ውስጥ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጸጥታው ከበዳቸው። ሲያስሉ የዞረባቸው ዓይን ብዛት አሳፍሯቸው ጋዜጣውን መልሰው ወጡ፤ ዳግመኛም አልሄዱም።

ልጃቸው ግን ከሥራ ስትወጣ ቤት ብቅ ሳትል በቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን መጽሐፉ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ጠባቂው ሲዘጋ ቀስቅሷት ትመጣለች። ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣ ሒሳብ ወደቀች። ሁለት ቀን ያህል ሰው አላናገረችም፣ ከዚያ እንደገና ተመዘገበች። መንታዎቹን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት አሁን የጋሽ ፍሬን ሆኗል። ጸጥታ ፍለጋ የተነሱ ሰው፣ ማታ ማታ ሁለት ሕፃናት መሐል ተቀምጠው የማን ጫማ የማን እንደሆነ ይዳኛሉ። አንዳንዴ ምርር ይላቸዋል። ይህን ለማንም አይናገሩም።

ባለፈው አንድ ምሽት መንታዎቹን አስተኝተው ሳህን ሲያጥቡ ልጃቸው ከወትሮው ቀደም ብላ ገባች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ምነው?" አሉ።

"የማታው ክፍል ዛሬ ሞልቶ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ የዳቦ ቤቱ ልጆች፣ አንድ ጥበቃ፣ ያቺ ከኛ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ ሳትቀር። በር ላይ ቆሜ ልመለስ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"ተጠጋጉልኝ" አለች። "ግን ክርን ለክርን ነው። ብዙ መቆየት አልቻልኩም።"

ጋሽ ፍሬን እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ራቷን ከድስቱ አውጥተው ፊቷ አስቀመጡላት፤ ስትበላ ትንሽ አዩዋትና፣ "መብራቱን አጥፊው ስትጨርሺ" ብለው ሊተኙ ገቡ።