ባለመሰላሏ

ታላቅ እህቴ ለሥራ የተመደበችባት ከተማ ዋናው አስፋልት ትቷት የሚያልፋት ናት። ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ሻንጣዬን ሳላሳርፍ "ና፣ መጀመሪያ የድሮዎቹን ቤቶች እይ" ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ባለፎቅ ቤቶች የእንጨት ሰገነቶች ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ብለዋል፤ ሐረግና ወፍ ተፈልፍሎባቸዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ይህን ሁሉ ማን ጠብቆ አቆየው?" አልኳት።

እህቴ ወደ ላይ ጠቆመችኝ። በቀሚሷ ሥር ሱሪ የታጠቀች የእኔ እኩያ ሴት መሰላል ላይ ቆማ፣ ምስማር በከንፈሯ እንደያዘች ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለችን። የእህቴ ወዳጅ ናት፤ ሰፈሩ "ባለመሰላሏ" ይላታል።

ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ አናጺ ባሏ ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ ሰገነቶቹን አበሰበሰና አንዱ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ወደቀ። ማዘጋጃ ቤቱም "ወይ ጠግኑ፣ ወይ አፍርሱ" አለ። አናጺው ሥራውን በጀመረ ሰሞን ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ዳግመኛ ከፍታ ላይ እንዳይወጣ ነገሩት። ጎረቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሰገነቶቹን አፍርሶ በቆርቆሮ ስለመተካት ማውራት ሲጀምር፣ ሚስት የባሏን የመሣሪያ ሣጥን አነሳች።

"ወንበር አወጣልሃለሁ፤ አንተ ከታች ሆነህ ንገረኝ።"

"አብደሻል? ወንበር ላይ ስትወጪ እንኳ ራስሽ ይዞርብሻል እኮ!"

"ይዙርብኛ! ዞሮ የት ሊደርስ!"

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰላም አላገኘም።

"ወደ ግራ! ግራ አልኩሽ!"

"የማን ግራ? ያንተ ነው የኔ?"

ጎረቤት በርጩማ እያወጣ ጭቅጭቃቸውን ይኮመኩም ጀመር። መጀመሪያ የፈለፈለችው ወፍ ጫማ መሰለ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና ነቅላ ጣለችው። በማግስቱ ልብስ ስትቀድድ እንደምታደርገው የአሮጌውን ሐረግና ወፍ ቅርጽ ወረቀት ላይ አወጣች፤ ቆርጣ እንጨቱ ላይ አስምራ በመሮ ተከተለችው። ባሏ ይህን ዘዴ አያውቀውም ነበር።

አንድ ቀን ከታች ድምፅ ጠፋ። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ዞር ብትል አንጋጦ ያያታል።

"ምነው ዝም አልክ?"

"የምለው አጣሁ።"

"ሰው እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ" አለችኝ፣ ከመሰላሉ ወርዳ እጇን እያራገፈች። "ያ ሰውዬ በትዳር ዘመናችን እንደዚያ አሞግሶኝ አያውቅም።"

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሊመረምር መጥቶ፣ አንገቱን እንዳቀና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ "አታፍርሱ" ብሎ ተመለሰ። ቀጣዩ ክረምት መጣ፤ አንድም ሰገነት አልወደቀም። ዛሬ ሁለት የሰፈሩ ሴቶች ሙያውን ከእሷ እየተማሩ ነው፤ አናጺው ደግሞ በምርኩዙ እየዞረ ሦስቱንም ይቆጣል።

ልንሰናበት ስንል ባለመሰላሏ ደረጃውን ይዛን ወጣችና መጀመሪያ የጨረሰችው ሰገነት ላይ አቁማኝ መደገፊያውን አሳየችኝ።

"ተደገፈው።"

ሰውነቴ ከባድ ነው፤ በጣቴ ነካ አደረግኩት።

"እንዲህ ነው እንዴ መደገፍ? እንደ ወንድ ተደገፍ እንጂ!"

በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩ። ሲጥ አላለም።